አጃቢውን ልሰማ ስሄድ

ሰው ሁሉ የራሱ ዘፋኝ አለው። አንዱ ጥላሁን ይላል፣ ሌላው መሐሙድ፣ ሌላው ደግሞ ከአስቴር ወዲያ ላሳር ይላል። እኔ የማብድለት ሰው ግን አይዘፍንም። ኪቦርድ ነው የሚጫወተው። ይህን ስናገር ሁሌም የሚከተለኝ ጥያቄ አንድ ነው። «እሺ፣ ማን ነው የሚዘፍነው?» ማንም። «ታዲያ ምን ልትሰማ ነው የምትሄደው?»

የማወራው ስለ ኃይሉ መርጊያ ነው። ስሙን ስጠራ ግማሹ ሰው ግራ ይገባዋል። ስልኬን አውጥቼ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ስከፍትለት ግን ብዙም ሳይቆይ «ውይ፣ ይሄማ!» ይላል። ይሄማ የሬዲዮው ነው። ይሄማ የአባቴ መኪና ውስጥ የነበረው ነው። ሁሉም ያውቀዋል። የማን እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም።

እኛ ቤት ሬዲዮው ቡፌው ላይ ነበር የሚቀመጠው። ዜናው አልቆ ቀጣዩ ፕሮግራም እስኪጀምር ትንሽ ክፍተት አለች። እዚያች ክፍተት ውስጥ ኦርጋን ይገባል። ዘፋኝ የለም። አስተዋዋቂው ስም አይጠራም። ዜማው ሞቅ ብሎ ልብ ሊያንጠለጥል ሲል ድምፁ ቀስ እያለ ይጠፋና ሰው ማውራት ይጀምራል። ቴሌቪዥኑም ያው ነበር። ስርጭት ሲቋረጥ የይቅርታው ጽሑፍ ይለጠፍና ከኋላው ያልተዘፈነበት ሙዚቃ ይለቀቃል። እናቴ ያኔ ነበር ብድግ ብላ ወደ ጓዳ የምትገባው። በእኛ ቤት ሕግ ዘፈን ማለት ሰው አፉን ከፍቶ ሲዘፍን ነው። ሌላው መሙያ ነው።

እኔ ደግሞ መሙያውን ነበር የምጠብቀው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ማንም ስለማይፈልገው የኔ ብቻ መስሎኝ ይሆናል።

ከዓመታት በኋላ ነው ያ ኦርጋን ባለቤት እንዳለው የገባኝ። ብዙውን የተጫወተው ዋሊያስ ባንድ ነበር፤ ኪቦርዱ ላይ የተቀመጠው ደግሞ ኃይሉ መርጊያ። በ1946 ሸዋ ውስጥ ነው የተወለደው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፣ ሁሉም የታተመው እንደዚያ ስለሆነ)። በልጅነቱ አዲስ አበባ ገባ። አኮርዲዮን ራሱን በራሱ አስተማረ። ጦር ሠራዊቱ ሙዚቃ ክፍል ትንሽ ቆይቶ ወጣና በየምሽት ክበቡ ሲጫወት ኖረ። በ1970ዎቹ ዋሊያስ የአዲስ አበባ ሂልተን ባንድ ሆነ። «ቼ በለው» የተባለው አልበማቸው የወጣው በ1977 ነው። ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎኑን ይዞ አብሯቸው አለበት። በማግስቱ ዓመት ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠራ።

1977 እና 1978 አዲስ አበባ ውስጥ ምን ዓይነት ዓመታት እንደነበሩ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ሰዓት እላፊ ነበር። ማታ ውጪ የተገኘ ሰው ጉድ ይፈላበታል። ስለዚህ ምሽት ክበብ የገባ ሰው ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ወደ ቤቱ ይሮጣል ወይም እስኪነጋ እዚያው ያድራል። ባንዱም አብሮ ያድራል። ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታሉ ማለት ነው። ዘፋኝ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አይዘፍንም፣ ጉሮሮ አይችልም። እና ዘፋኙ ሲያርፍ ማን ነው የሚቀረው? ኦርጋኑ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ያ ሙዚቃ እንዲህ የማይቸኩለው፣ አንድ ሐረግ ላይ ደጋግሞ የሚመላለሰው ለዚህ ነው። የትም መሄድ ለማይችል ሰው የተጫወቱት ነው። ይህን የጻፈ ሰው አላየሁም፤ የራሴ ግምት ነው። ግን ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምራችሁ እስከ ንጋት 12 ሰዓት ስሙትና ፍረዱ።

በ1981 ዋሊያስ ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ጉዞ መጣ። ጉዞው ሲያልቅ ግማሾቹ ተመለሱ፣ ኃይሉን ጨምሮ ግማሾቹ ዋሽንግተን ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮኑን ከዘመኑ አዳዲስ ኪቦርዶች ጋር አዋህዶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። «ሸሞንሟናዬ» ያለበት ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ መድረክ ቀረ። ኑሮ ነዋ። ጋሽ ኃይሉ ታክሲ መንዳት ጀመረ። ዱለስ ኤርፖርት።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ይህን የታሪኩን ክፍል ፈረንጆቹ ጋዜጦች ሲጽፉት ትንሽ ያናድደኛል። «ታላቁ ሙዚቀኛ ታክሲ ነጂ ሆኖ ተገኘ» ይሉና እንደ ተአምር ያወሩታል። ዲሲ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ በዚህ አይደነቅም። እኔም ነድቻለሁ፣ የኔው ናሽናል ኤርፖርት ነበር እንጂ። ታክሲ ውስጥ ኢንጂነር አለ፣ የቀድሞ ፓይለት አለ፣ መምህር አለ። የሚደንቀው ሌላ ነገር ነው። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። በባትሪ የሚሠራ ነው። መንገደኛ አድርሶ ሰልፍ ሲገባ አውጥቶ ይለማመዳል።

ያንን ሰልፍ አውቀዋለሁ። ኤርፖርት ታክሲ ማለት ሁለት ሰዓት ቆመህ ሃያ ደቂቃ መንዳት ነው። መኪኖቹ በተራ ይደረደራሉ። አንዱ መቀመጫውን ለጥጦ ይተኛል። አንዱ ኮፈን ላይ ምሳውን ዘርግቶ ጓደኞቹን ይጠራል። አንዱ አዲስ አበባ ደውሎ ከወንድሙ ጋር በቤት ማሠሪያ ገንዘብ ይጨቃጨቃል። ፖለቲካው አያልቅም። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ሁሉም ሮጦ ሞተር ያስነሳል፣ ሁለት መኪና ያህል ተጠግቶ እንደገና ያጠፋል። በዚያ መሀል አንድ ሰው ኪቦርድ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ለማንም ሳይሆን፣ ለየትኛውም መድረክ ሳይሆን፣ ጣቱን ሲያፍታታ አስቡት። እኔ በዚያ ሰዓት የሱፍ አበባ ፍሬ ነበር የምፈለፍለው።

ቀሪውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብራያን ሺምኮቪትስ የሚባል አሜሪካዊ የ1985ቱን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው። ወደደው። ሰውየውን ፈልጎ ስልክ ደወለለት። በ2013 አልበሙ እንደገና ታተመ፣ ጋሽ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። አውሮፓን፣ አሜሪካን ዞረ። በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» ወጡ።

እና ዲሲ ሊጫወት ነው ሲባል ትኬቱን በዚያው ቀን ቆረጥኩ።

አብሮኝ የሚሄድ ሰው መፈለግ ግን ሌላ ጣጣ ነበር። አንዷ ዘመዴ «ማን ይዘፍናል?» አለችኝ፣ እንደተለመደው። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ «እስክስታ አለው?» አለኝ። በመጨረሻ አንድ የቆየ ጓደኛዬ እሺ አለ። «ስንት ሰዓት ነው?» «ማታ 2 ሰዓት።» «እሺ፣ 5 ሰዓት አካባቢ እመጣለሁ።» አይ፣ 2 ሰዓት ማለት 2 ሰዓት ነው አልኩት። ሳቀ። አልፈርድበትም። የሐበሻ ኮንሰርት ፖስተሩ ላይ 4 ሰዓት ይላል፣ ዲጄው እስከ 7 ሰዓት ያንቃቃዋል፣ ዘፋኙ 8 ሰዓት ሊሆን ሲል መነጽሩን አድርጎ ብቅ ይላል። በዚህ ያደገ ሰው የፈረንጅ ሰዓት ሲነግሩት ቀልድ ይመስለዋል።

ቤቱ ዩ ስትሪት አካባቢ ነው፣ ብዙ ሰው የማይዝ። ስገባ የተሳሳተ በር የገባሁ መሰለኝ። ሰው ሁሉ ፈረንጅ ነው። ወጣቶች ናቸው፣ ጢማቸውን ያሳደጉ፣ የጨርቅ ቦርሳ ያንጠለጠሉ። አንዱ ልጅ ቲሸርቱ ላይ «ዋሊያስ» የሚል የአማርኛ ፊደል አለ። አንብቦት እንዳልሆነ ያስታውቃል። ሐበሻ ሲቆጠር አንድ እጅ ብዙም አይሞላም። የሐበሻ ነገር፣ ሳንተዋወቅ ከሩቅ ጭንቅላት ነቅነቅ አደረግን። ግድግዳው ሥር አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ ባልና ሚስት ቆመዋል። እሳቸው ሙሉ ልብስ በከረባት፣ እሷ ትከሻዋ ላይ ነጠላ። ሴትየዋ ወዲያ ወዲህ አየችና «ወንበር የላቸውም እንዴ?» አለችኝ። የላቸውም፣ እናቴ። ቆሞ ነው የሚሰማው። ሄጄ ከቡና ቤቱ አንድ ረጅም ወንበር ለምኜ አመጣሁላት።

ልክ በሰዓቱ ሦስት ሰዎች ወጡ። አለምሰገድ ከበደ ቤዝ፣ ኬኔት ጆሴፍ ድራም፣ ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ኪቦርድ። ማንም አላስተዋወቀውም። «እስቲ ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» የሚል ሰው የለም። ቁጭ አለ፣ ኪቦርዱን ነካ ነካ አደረገ፣ ጀመረ።

ልንገራችሁ፣ ሰው አይደለም ያየሁት መጀመሪያ። እጅ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁትን ነገር የሚሠሩት እነዚህ ናቸው ወይ ብዬ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ጣቶቹ ብዙ አይነሱም። ቀኝ እጁ ዜማውን ያወጣል፤ ወደ ዋናው ድምፅ ከመድረሱ በፊት ጎኑ ያለችውን ቁልፍ ቶሎ ነክቷት ያልፋል። ያቺ ንክኪ ነች እኮ አማርኛ የምታሰኘው። ዘፋኝ ድምፁን የሚሰብርባት ቦታ ነች። በቴፕ ስሰማው ማሽኑ የሚያወጣው ነበር የሚመስለኝ። ለካ ትንሿ ጣቱ ነች። ግራ እጁ ደግሞ ቤዙ እንዲተነፍስ ቦታ ይለቃል፤ ድንገት ጠብ ያደርግና ይመለሳል። አንዳንዴ ግራ እጁ ጭራሹን ሥራ ይፈታል። ጉልበቱ ላይ አስቀምጦት ይጫወታል።

ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ሙዚቃ ላይ «አንቺሆዬ ለኔ» መጣ። ከጎኔ የቆመው ረጅም ፈረንጅ እያየኝ እንደሆነ ገባኝ። ጎንበስ አለና «ምንድን ነው የሚለው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ማን?» «ዘፈኑ።» «ምንም አይልም፣ መሣሪያ ብቻ ነው እኮ።» «አንተ ግን እየዘፈንክ ነው» አለኝ።

ልክ ነው። ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ነበር። ዞር ብዬ ባለ ከረባቱን ሽማግሌ አየኋቸው፤ የእሳቸውም ይንቀሳቀሳል። ሴትየዋም ወንበሯ ላይ ሆና በለሆሳስ ትላለች። እዚያ ቤት ውስጥ ሁለት ኮንሰርት ነበር የሚካሄደው። ፈረንጆቹ የሚሰሙት ድምፅ ነው፤ ድራሙ፣ ቤዙ፣ ያ የማያውቁት ቅኝት። ይደንሳሉ፣ ደስ ይላቸዋል፣ ምንም አልቀረባቸውም። እኛ ጋ ግን ዜማው ብቻውን አይመጣም። ስንኙን ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ዘፋኝ የለም የሚለው ወሬ ለእኛ አይሠራም፤ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ዘፋኝ ይዘን ገብተናል። ሽማግሌው ምናልባት የድሮ ሰው ድምፅ ይሰማቸው ይሆናል። እኔ የእናቴ ነው የሚሰማኝ፣ ጓዳ ውስጥ ሆና፣ ግማሹን ስንኝ ዘልላ።

ከዚያ ሌላ ነገር ሆነ። ጋሽ ኃይሉ ዜማውን ሁለት ሦስቴ ካዞረው በኋላ ለቀቀው። ዝም ብሎ ወጣ ከመንገዱ። ቤዙና ድራሙ እዚያው እየዞሩ ነው፣ እሱ ግን ሄዷል። ቅኝቱን አልለቀቀም፣ ስንኙን ነው የለቀቀው። እኔ ልከተለው ሞከርኩ፣ የምለው ቃል አጣሁ። ከንፈሬ ቆመ። የሽማግሌውም ቆመ። ያን ጊዜ ከዚያ ረጅም ፈረንጅ ምንም የምለይበት ነገር አልነበረኝም። ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን የሚቀጥለው ድምፅ የት እንደሚያርፍ እንጠብቃለን። ይህን ነው እንግዲህ ሬዲዮው ልክ ሊደርስ ሲል የሚያጠፋብኝ የነበረው። እዚያ ማንም አላጠፋውም። እስኪበቃው ሄደ፣ እስኪበቃው ቆየ። ተመልሶ ዜማዋ ላይ ሲያርፍ ስንኙም ተመልሶ አፋችን ውስጥ ገባ፣ ሐበሾቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ «እእእ» አልን። ፈረንጆቹም ጮኹ። ለምን እንደጮኽን ባይገባቸውም በትክክለኛው ቦታ ነው የጮኹት።

አኮርዲዮኑን ሲያነሳ ሴትየዋ አጨበጨበች፣ ገና ሳይጫወት። ማንገቻውን ትከሻው ላይ እስኪያስተካክል ሁሉም ጠበቀ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ለተቃረበ ሰው ያ ዕቃ ቀላል አይደለም። ሜሎዲካም ተጫወተ፣ ያቺ በቱቦ እየነፉ የሚጫወቷት ትንሽ ኪቦርድ። እውነቱን ለመናገር ሜሎዲካው ብዙም አልገባኝም። ኦርጋኑ ላይ ያለው ክብደት የለውም። ወዳጅነት እውነት ከመናገር አያግድም።

«ሸመንደፈር» ሲመጣ ደግሞ አስቂኝ ነገር ተፈጠረ። የቴዲ አፍሮ ነው፣ ጋሽ ኃይሉ የመጨረሻዎቹ አልበሞቹ ውስጥ በራሱ መንገድ ሠርቶታል። ከኋላ አንዲት ወጣት ሐበሻ መቋቋም አቃታት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብላ ዘፈነችው። ፈረንጆቹ የዝግጅቱ አካል መስሏቸው ከበቧት፣ ስልክ አውጥተው ቀረጹዋት። ልጅቷ ሲገባት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፣ ግን አላቆመችም።

መጨረሻው አካባቢ ሁለቱ ባልደረቦቹ ወረዱና ብቻውን ቀረ። እንጉርጉሮ ተጫወተ፣ ያለ ድራም፣ በቀስታ። ስለ እሱ የምጽፈው የለኝም። የሰማ ሰው ያውቀዋል።

አልቆ ሰው ሲወጣ ስልኬ ጮኸ። ጓደኛዬ ነው። «አንተ፣ ፓርኪንግ አጣሁ እኮ! ጀመረ እንዴ?» ሰዓቱ 4 ተኩል ነበር። አልቋል አልኩት። «እንዴት ያልቃል? ገና መች መሸና!» ውጪ ስንገናኝ ሽቶ ተቀብቶ፣ ጫማውን አሳምሮ፣ ልብ የሚያሳዝን ሆኖ ቆሟል። ባዶ ሆዱን ከመመለስ ብለን አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ገባን።

እዚያ ዋን ማን ባንድ ነበር። አንድ ወጣት ልጅ ጥግ ላይ ኪቦርዱን ተክሎ ድራሙን በማሽን ለቆ ራሱ ይዘፍናል፣ ራሱ ያጅባል። ሰው ጥብሱን ይበላል፣ ያወራል፣ ትልቁ ስክሪን ላይ ኳስ ያያል። ሥራዬ ብሎ የሚሰማው የለም። እኔ ግን ጉርሻ አፌ ውስጥ ይዤ የልጁን ግራ እጅ ነበር የማየው። ደህና እጅ ነው፣ ነገር ያውቃል። አንድ ዘፈን ጨርሶ ውሃ ሲጠጣ ሌላው ሰው ግንባሩ ላይ ገንዘብ ሊለጥፍ እስኪነሳ አልጠበቅኩም፣ ሄጄ ሃያ ዶላር ኪቦርዱ ላይ አስቀመጥኩለት። «የማንን ልጋብዝህ፣ ወንድሜ?» አለኝ ወደ ማይኩ እየተጠጋ። «አትዝፈን። ዝም ብለህ ተጫወት።»

ልጁ ጓደኛዬን አየው። ጓደኛዬ ከሩቅ በእጁ ምልክት ሰጠው፦ ተወው፣ ጠጥቷል።